የሰው አያያዝም ሙያ ነው

አናጺ መዶሻና መጋዝ አለው፤ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር አለው፤ ሐኪምም ማዳመጫና መርፌ አለው። በቢሮ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው መሣሪያ ቃል ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከጧት እስከ ማታ የሚውልበት ሥራ ቢመረመር ወይ ሰው ሲያነጋግር፥ ወይ ሰው ሲሰማ፥ ወይ ደብዳቤ ሲጽፍ፥ ወይም ሌላው የጻፈውን ሲያነብ ይገኛል። ፊርማውና ማኅተሙ የሚመጡት በመጨረሻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ቀድሞ በቃል የተጨረሰውን ነገር ከማጽናት በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። እንግዲህ ቃሉን አበላሽቶ የያዘ ሠራተኛ፥ መጋዙ እንደ ዶለዶመበት አናጺ መሆኑ ነው።

ወጣቶቻችን ግን ይህን መሣሪያ እንዴት እንደሚይዙት በቅጡ የሚያስተምራቸው አያገኙም። ተማሪው አሥራ ሁለት ዓመት ፊደልና ቁጥር ሲማር ቆይቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እዚያም ሕግን ወይም የሒሳብ አያያዝን ወይም ምሕንድስናን ያጠናል። ከዚያም ካባውን ደርቦ፥ ቆቡን ደፍቶ ዲግሪውን ይቀበላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ በአንድ ሰኞ ጧት ከወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፥ በመስኮቱ በኩል አርባ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ከአርባው ሰው እያንዳንዱን ምን ብሎ እንደሚቀበለው፥ የተንዛዛውን ነገር እንዴት እንደሚሰማ፥ የማይሆነውን አይሆንም ብሎ እንዴት እንደሚመልስ፥ አለቃው ሲሳሳት ምን ብሎ እንደሚያሳስበው ማንም አልነገረውም።

«ጨዋነት ከቤት ነው የሚመጣው» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን የቤት ጨዋነት የሚያስተምረን ለታላቅ መነሣትን፥ ለእንግዳ ውሃ ማቅረብን፥ በሽማግሌ ፊት አለመቀላመድን ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ቤት ያላወቃቸውን ነገሮች ይዞ ይመጣል። በመሥሪያ ቤት ወጣቱ በዕድሜ አባቱን የሚያህል ሰው ያዛል፤ የማያውቀውን፥ ዘመዱ ያልሆነውን፥ ቋንቋው ሌላ የሆነውን ሰው በእኩልነት ያስተናግዳል፤ ወንድሙ ለሆነው ሰው እንደ ባዳ መቁረጥ፥ ባዳ ለሆነው እንደ ወንድም መራራት ይገባዋል። ስለዚህ የሰው አያያዝ ከቤት በመጣው ጨዋነት ላይ ተጨማሪ ትምህርት የሚያሻው አንድ ሙያ ነው ብለን እናምናለን። ዛሬ ለተማሪዎችና ለአዳዲስ ሠራተኞች ስለዚሁ ሙያ ጥቂት ነገር ልናካፍል አስበናል።

ሰላምታና አጠራር

ሥራ የሚጀመረው በሰላምታ ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ እጅግ የበለጸገ፥ በዚያው መጠን ደግሞ ጥንቃቄ የሚሻ ቋንቋ ነው። አንድን ሰው ለማነጋገር ከአንተና ከአንቺ ሌላ፥ እንደየአገሩ ልማድ እርስዎ ወይም አንቱ የሚባል የአክብሮት አነጋገር አለን። ይህም በአንዲት ቃል ሰውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። አንዲት እናት ከገጠር ተነሥተው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ወረቀታቸውን በመሐረብ ቋጥረው ሲመጡ፥ ልጃቸው የሚሆን ጸሐፊ «ምን ፈለግሽ?» ካላቸው፥ ከዚያ በኋላ ጉዳያቸውን በአምስት ደቂቃ ቢፈጽምላቸው እንኳ ወደ ቤታቸው ይዘው የሚሄዱት ያችን አንዲት ቃል ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላልና።

የአንድ ሰው ጨዋነት የሚለካው ሚኒስትሩን ሲያነጋግር አይደለም፤ ሚኒስትርን ማክበር ለማንም አይከብድም። መለኪያው ዘበኛውን፥ ተላላኪውን፥ የጽዳት ሠራተኛዋን፥ ሾፌሩን ሲያነጋግር ነው። በዕድሜ የገፉትን ሾፌር «አንተ» እያለ፥ የአለቃውን ወጣት ልጅ «እርስዎ» የሚል ሠራተኛ፥ አክብሮትን ሳይሆን ፍርሃትን ነው የተማረው። ሌላም መለኪያ እንጨምር። አንድ ሰው ፊት ለፊት እያለ «እርስዎ» ተብሎ፥ በሩን ዘግቶ እንደ ወጣ «እሱ ደግሞ» ከተባለ፥ አክብሮቱ ለሰውየው ሳይሆን ለጆሮው የተሰጠ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚሰሙት የሥራ ጓደኞችም፥ እነርሱ ሲወጡ ስለ እነርሱ ምን እንደሚባል ወዲያው ይገምታሉ።

ስለ ሴቶች ሠራተኞችም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአንድ ማዕረግ የሚሠሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢኖሩ፥ እርሱን «አቶ እገሌ» ብለው እርስዋን «የኔ ቆንጆ» የሚሉ ባለጉዳዮችም የሥራ ባልደረቦችም አሉ። የሚሉት ሰዎች ፍቅርን የገለጹ ይመስላቸዋል፤ እርስዋ ግን የሥራ ማዕረግዋ ተወስዶ በምትኩ መልኳ እንደ ተሰጣት ታውቃለች። ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት ብሎ ከነስምዋ መጥራት ከባድ ነገር አይደለም። ጋሼና እትዬ የሚሉት የፍቅር አጠራሮችም ቢሆኑ ባለቤቱ የሚወዳቸው መሆኑ ከታወቀ መልካም ናቸው፤ ካልታወቀ ግን ስምና ማዕረግ ይቀድማል።

ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በሚደረግ መጻጻፍ ደግሞ፥ የእኛ ልማድ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም የማይጠራ መሆኑን አስቀድሞ መግለጽ ይጠቅማል። ይህ ባለመገለጡ በስብሰባ ላይ በአባቱ ስም ሲጠራ «እኔን አይደለም» ብሎ ዝም የሚል ሰው አይጠፋም። አማርኛ የማይችል ባለጉዳይ ሲመጣም ድምፅን ከፍ ማድረግ ትርጉም አይሆንም፤ የሚያስተረጉም ባልደረባ መፈለግ ነው እንጂ።

ሰላምታ ግን ልኩን ሲያልፍ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ደኅና አደርህን፥ ልጆችን፥ የዘመድ አዝማድ ጤንነትን ሁሉ እየጠያየቁ፥ ለአንድ ወዳጅ ሩብ ሰዓት ሰጥቶ የተሰለፈውን ሕዝብ ማስጠበቅ፥ ወዳጁን አክብሮ አርባ ሰው መናቅ ነው። ለወዳጅ ፈገግታና «ከሥራ በኋላ እንገናኝ» የሚለው ቃል ይበቃዋል።

መስማት

መናገር የሚችል ብዙ ነው፤ መስማት የሚችል ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን በጥንቱ የሙግት ሥርዓት፥ «በላ ልበልሃ» በሚባለው ክርክር፥ የንግግርን ጥበብ እስከ ከፍተኛ ደረጃ አድርሰውት ነበር። በዚያ ሙግት የሚረታው ብዙ የጮኸው አልነበረም፤ የባላጋራውን ቃል አንድ በአንድ ሰምቶ፥ የተሳተችውን አንዲት ነጥብ ይዞ የሚመልሰው ነበር። ያልሰማ ሰው ምን ሊመልስ ይችላል?

ባለጉዳይ ነገሩን የሚጀምረው ጸሐፊው ከሚፈልገው ቦታ አይደለም። ስለ ግብር ደረሰኝ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፥ ከሱቁ መከፈት፥ አንዳንዴም ከአያቱ ርስት ሊጀምር ይችላል። ወጣቱ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ይቸኩላል፤ ገና በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ «ገብቶኛል፥ ገብቶኛል» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ወደማይመለከተው ክፍልም ይመራዋል። ባለጉዳዩ ሦስት ፎቅ ወጥቶ፥ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ፥ «ይህ የእኛ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በሁለት ደቂቃ መስማት ይቀር የነበረው ድካም ግማሽ ቀን ፈጀ።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ቀላል ነው። አንደኛ፥ ሰውየው እስኪጨርስ ሁለት ደቂቃ መታገሥ፤ በዚያን ጊዜም ዓይንን ከስልክና ከሌላ ወረቀት ማንሣት። ሁለተኛ፥ የተሰማውን በአጭር ቃል መልሶ መናገር፤ «እንግዲህ የሚፈልጉት የ2015ቱ ደረሰኝ ስለ ጠፋብዎ ቅጂው እንዲሰጥዎ ነው፤ ልክ ነኝ?» ብሎ መጠየቅ። ልክ ከሆነ ሰውየው መሰማቱን አውቆ ልቡ ያርፋል፤ ልክ ካልሆነም ስሕተቱ ሳይራመድ እዚያው ይታረማል። አውሮፕላን አብራሪዎች ከመቈጣጠሪያው ማማ የተሰጣቸውን ፈቃድ ቃል በቃል መልሰው እንዲያሰሙ የሚገደዱት ለዚሁ ነው። ለእነርሱ ሕግ የሆነው፥ ለእኛ ቢያንስ ልማድ ቢሆን ምን ይጎዳናል?

«ነገ ተመለስ»

በቀድሞ ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው በባላባት ደጅ ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ይህ ደጅ ጥናት ይባላል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲሾሙ፥ ሥራው ከሰው ደጅ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት መግባት ጀመረ። መሥሪያ ቤት ማለት እንግዲህ ሰው ደጅ የማይጠናበት፥ በመዝገብ፥ በቁጥርና በቀጠሮ የሚስተናገድበት ቦታ ማለት ነው። «ነገ ተመለስ» የምትለዋ ቃል ግን ደጅ ጥናትን በመስኮት በኩል መልሳ ታስገባለች።

ነገሩን በቁጥር እናስበው። አንድ ሠራተኛ በቀን ለ5 ሰው ብቻ ያለ በቂ ምክንያት «ነገ ተመለሱ» ቢል፥ በሳምንቱ 5 የሥራ ቀናት 25 የሰው ቀን ያባክናል። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ ደግሞ 1,250 ቀን ይሆናል፤ ይህም ከሦስት ዓመት የሚበልጥ የሰው ዕድሜ ነው። ያ ቀን የገበሬ ቀን ከሆነ ያልታረሰ ማሳ አለበት፤ የቀን ሠራተኛ ቀን ከሆነ ያልተገዛ እንጀራ አለበት፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ቀን ከሆነ ደግሞ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ አለበት። ሠራተኛው ግን ይህን ሁሉ ያደረገው በሁለት ቃል ነውና ያደረገው ነገር እንኳ አይታወቀውም።

እኛ ሁሉም ነገር ዛሬውኑ ይፈጸም አንልም። የሚያዘገይ እውነተኛ ምክንያት አለ፤ ሹሙ ይታመማል፥ ኔትወርክ ይቋረጣል፥ መዝገቡ ከሌላ ክፍል አይደርስም። የምንለው ምክንያቱ ይነገር ነው። ባለጉዳይ ሦስት ነገር የማወቅ መብት አለው፤ ምን እንደ ጎደለ፥ የጎደለውን የሚያሟላው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደሚያልቅ። «የጎደለዎት የቀበሌው ማስረጃ ነው፤ እርሱን ይዘው ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደዚሁ መስኮት ይምጡ» ተብሎ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ቢሰጠው፥ ሰውየው እያጉረመረመ ሳይሆን እያመሰገነ ይሄዳል። የዘገየው ቀን ያው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። ሐሙስ ቀን ደግሞ ቃሉ መፈጸም አለበት፤ አለዚያ በጽሑፍ የተሰጠ ውሸት በአፍ ከተሰጠው ይከፋል።

አይሆንም ማለትም መልካም አያያዝ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጉዳዩ ሕግ የማይፈቅደው መሆኑን እያወቀ «እናየዋለን»፥ «ይታሰብበታል» ይላል፤ ይህንንም የሚያደርገው ክፉ ላለመሆን ነው። ውጤቱ ግን የክፉ ክፉ ነው፤ ባለጉዳዩ በተስፋ ሲመላለስ ከርሞ መጨረሻ ላይ የተከለከለው በመጀመሪያው ቀን የተከለከለውን ነገር ነው። አንዳንዱም «እናየዋለን» የምትለውን ቃል ሲሰማ፥ ጉቦ የተጠየቀ መስሎት ኪሱን መዳሰስ ይጀምራል። ሰምና ወርቅ የቅኔያችን ክብር ነው፤ የሁለት ትርጉም ጥበብ በቅኔ ማኅሌትና በመጽሐፍ ሲገኝ እንኮራበታለን። በመስኮት በኩል ግን ሕዝብ የሚፈልገው ወርቁን ብቻ ነው። «ይህ በሕጉ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ ቅር ካለዎት ቅሬታዎን የሚያቀርቡት ለዚህ ክፍል ነው» ብሎ ቁርጡን መናገር፥ ሰውን ማክበር ነው።

ለአለቃ እውነቱን መናገር

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የበታች ሠራተኛ ለበላዩ የሚያቀርበው ንግግር ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው አባባል ከአፋችን ጨርሶ አልጠፋም። አለቃው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ለስብሰባ ሲሄድ እያየ፥ «እኔ ምን አገባኝ፥ እርሱ ያውቃል» ብሎ ዝም የሚል ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ይህ ዝምታ ትሕትና ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሰው ይገድላል። ይህን የምንለው ለማጋነን እንዳልሆነ ሁለት የታወቁ አደጋዎች ይመሰክራሉ።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት፥ ጭጋግ በሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም.፥ ሁለተኛው የአሜሪካው ፓን አም ነበር። የሆላንዱ አውሮፕላን አዛዥ በአየር መንገዱ እጅግ የተከበረና ሌሎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር፤ ለመነሣት ፈቃድ ሳይሰጠው ማኰብኰብ ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ ሬዲዮውን ሰምቶ ተጠራጠረ፤ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደ ሆነም ጠየቀ። አዛዡ በእርግጠኝነት መውጣቱን መለሰለት። መሐንዲሱም ደግሞ አልጠየቀም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሆነው ሆነ።

ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. ደግሞ ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረው የአቪያንካ 52ኛ በረራ፥ በአየሩ መበላሸት ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በሰማይ ላይ እንዲዞር ተደርጎ ነዳጁ ማለቅ ጀመረ። አዛዡ ለረዳቱ አስቸኳይ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲነግር በቋንቋቸው አዘዘው። ረዳቱ ግን ለመቈጣጠሪያው ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን በለሰለሰ አነጋገር ተናገረ እንጂ፥ «አስቸኳይ አደጋ» የሚለውን፥ ሥራ ሁሉ ለእነርሱ እንዲቆም የሚያስገድደውን ቃል አልተናገረም። ተቈጣጣሪዎቹም እንደ ማንኛውም በረራ አስተናገዷቸው። አውሮፕላኑ ከከተማው አጠገብ ወደቀ፤ ከ158ቱ ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ተረታችን፤ እዚህ ላይ ግን የቀረው ነፍስ ነው።

ከእነዚህና ከመሰሉት አደጋዎች በኋላ የአየር መንገዶች በየአገሩ ለአብራሪዎቻቸው አዲስ ትምህርት መስጠት ጀመሩ። ትምህርቱ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ንግግር ነበር፤ የበታቹ የተጠራጠረውን ግልጥ አድርጎ እንዲናገር፥ ካልተሰማም ደግሞ እንዲናገር፥ አዛዡም እንዲሰማ የሚያስተምር ነበር። ሐኪሞችም ከእነርሱ ተማሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ለቀዶ ሕክምና ያወጣው የማረጋገጫ ዝርዝር፥ ቢላዋው ሥጋውን ሳይነካ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ያዛል። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2001 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፥ ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት ከ1,000 ሕሙማን 15 የነበረው ሞት ወደ 8 ወርዶ ተገኝቷል። ስሙን የተናገረ ሰው ሐሳቡን ለመናገርም ይደፍራል ብለው ነው።

ታዲያ ወጣቱ እንዴት ይናገር? ድፍረትና ብልግና አንድ አይደሉም። በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ብሎ መጮህ አለቃውን ወደ መከራከር እንጂ ወደ መስማት አይመራውም። ሦስት ነገር ይበቃል፤ ያየኸውን መናገር፥ የሚያስፈራህን መናገር፥ የሚሻለውን ማቅረብ። «ጌታዬ፥ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ያለው ድምር ከገጽ 4 ጋር አይስማማም፤ እንዲሁ ከሄደ በጀቱ ይመለስብናል ብዬ እሠጋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ» ቢል፥ አክብሮቱም እውነቱም በአንድ ላይ አሉ። «ይመስለኛል፥ ምናልባት፥ ማለቴ» እያሉ ነገሩን ማልፈስፈስ ግን የአቪያንካውን ረዳት መሆን ነው። ካልተሰማም አንድ ጊዜ ደግሞ መናገር፥ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ በማስታወሻ ጽፎ ማቅረብ ይገባል።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአለቃ ጆሮ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ባዳ ነው። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን አንድ ቀን የተቈጣ ሹም፥ ከዚያ ቀን በኋላ መልካም ወሬ ብቻ ይደርሰዋል፤ እውነተኛውን ነገር የሚሰማው በመጨረሻ፥ ከኦዲተሩ አፍ ነው። የበታቹን ማረም ሲያስፈልገው በር ዘግቶ ለብቻው፥ ማመስገን ሲያስፈልገው በሰው ፊት የሚያደርግ አለቃ፥ ያለ ሎሌ ብዙ ዓይን ያገኛል።

የጽሑፍ ነገር

በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ ይኖራል። በውጫሌ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ ይችላሉ የሚል ሲሆን፥ የኢጣልያንኛው ግን በግዴታ የሚያስር ነበር። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት አገርን ለጦር አደረሰ፤ የተፈታውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። ያ የተንኮል እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን፤ ተንኮልም ቢሆን የሚገባው በቃል ስንጥቅ በኩል ነው።

የእኛ የዕለት ደብዳቤዎች አገርን ለጦር አያደርሱም፤ ጉዳይን ግን ይገድላሉ። «ጉዳዩ ታይቶ ተገቢው እንዲደረግ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማን እንዲያይ፥ ምን እንዲያደርግ፥ እስከ መቼ እንዲፈጽም አይናገርም። ስለዚህም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይኖራል። «ይደረጋል፥ ይፈጸማል፥ ታዟል» የሚሉት ግሦች አድራጊውን ስለሚሸሽጉ ለሰነፍ ጸሐፊ መጠለያ ናቸው። አድራጊው ይጠራ፤ «የግዥ ክፍል እስከ ኅዳር 15 ቀን ዋጋውን አጣርቶ ያቅርብልን» ይባል። ለአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ይበቃዋል፤ ቀንና ቁጥር አይርሳ፤ ግልባጭ ለሚመለከተው ብቻ ይሰጥ። ከመፈረሙ በፊትም ነገሩን የማያውቅ አንድ ባልደረባ ያንብበው፤ ለእርሱ ካልገባው ለተቀባዩም አይገባውም።

ስልክና ስብሰባ

በስልክ የሚያነጋግር ሰው ፊቱ አይታይምና ስሙንና መሥሪያ ቤቱን አስቀድሞ ይናገር፤ የተፈለገው ሰው ከሌለ መልእክቱን ከነስልክ ቁጥሩ ጽፎ ያስቀምጥ። በዘመናችን የሥራ ትእዛዝ በቴሌግራም መላክም ተለምዷል። ለፍጥነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተቈጣ ሰው የጻፈው አጭር መልእክት ያለ ድምፅና ያለ ፊት ስለሚደርስ ከታሰበው እጥፍ ያቈስላል። ቊጣ ያለበት ነገር ፊት ለፊት ይነገር፤ ገንዘብና ኀላፊነት ያለበት ነገር በደብዳቤ ይጻፍ።

በስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ከርሞ፥ ከስብሰባው በኋላ በሻይ ክበብ ዙሪያ ሁለተኛ ስብሰባ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። በዚያ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለምና፥ እዚያ የተነገረው ምንም ያህል ብልኅ ሐሳብ ቢሆን ሥራ ላይ አይውልም፤ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ሐሳብ ያለው ሰው በቦታውና በሰዓቱ በአጭሩ ይናገር፤ ሌላው የተናገረውንም አይድገም።

ትሕትና ሎሌነት አይደለም

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «እንግዲህ መጎንበስና መለማመጥ አስተማራችሁን» የሚሉ ወጣቶች ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ አይደለም። ሎሌ የሚለማመጠው ለሚፈራው ነው፤ ጨዋ ሠራተኛ ግን የሚያከብረው ከእርሱ ምንም ሊቀበል የማይችለውን ጭምር ነው። ሎሌ ለአለቃው ደስ የሚለውን ይናገራል፤ ጨዋ ሠራተኛ እውነቱን በአክብሮት ይናገራል። «ደመወዙ ትንሽ፥ ሰልፉ ረዥም፥ ወንበሩም የተሰበረ ነው፤ ፈገግታ ከየት ይምጣ?» የሚለውም አቤቱታ ቀላል አይደለም፤ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሊያስቡበት ይገባቸዋል። ሆኖም መስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ደመወዙን አልቀነሰም፤ ወንበሩንም አልሰበረም።

ተማሪዎች ይህን ሙያ ለመለማመድ ሥራ እስኪይዙ መቈየት አያስፈልጋቸውም። በክፍል ውስጥ የጓደኛቸውን ሐሳብ ሳያቋርጡ ሰምተው በራሳቸው ቃል መድገም፥ መምህራቸው በሰሌዳው ላይ ሲሳሳት በአክብሮት ማሳሰብ፥ የአንድ ገጽ ማመልከቻ በአምስት መስመር መጻፍ ይችላሉ። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ከነገ ጧት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ቢወስን ይበቃዋል፤ ከመስኮቱ ፊት የቆመ ማንም ሰው ምን እንደ ጎደለው፥ ማን እንደሚያሟላለትና መቼ እንደሚያልቅለት ሳያውቅ እንዳይመለስ። ሕዝብ መንግሥትን የሚያውቀው በአዋጅና በሬዲዮ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል፥ በአንድ ወጣት ሠራተኛ ድምፅ ነው።